ሰባተኛው ጥቅል

ፒያሳ፣ ከሲኒማው ጓሮ፣ ዝገት ከበላው ቆርቆሮ ሥር
ስድስት ክብ ጣሳ ነበረ። ሰባተኛው አልመጣም።
በየት መንገድ እንደቀረ፣ ምጽዋ ይሁን አሥመራ በር፣
የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ልጠይቅ ያለም አልወጣም።

ፊልሙ ድምፅ የለው።
ከአሜሪካ ነው የመጣው፤
ታሪኩ ግን የፈረንሳይ፣ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው
ይላሉ። መጽሐፉን ያየ
ጎንደር ላይ አንድ ሰው የለ።
በየመሀሉ ጽሑፍ ብልጭ ይላል፣ ነጭ በጥቁር፣
የቁራ እግር የመሰለ፣ ሳይነበብ የሚሰወር።

ስለዚህ አያ ዋሴ ቆመ።
የቅኔ ቤት ኮብላይ፣ ካፖርቱ የነጣ፣
በእጁ የሸምበቆ ዘንግ፣
ከሸራው ጎን ሆኖ ያን ድዳ ዓለም አስለፈለፈ።
«ይህች ልጅ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስሟ ያልጋነሽ፤ ዘመድ የላት፣ ጉልማ መሬትም ሲሳይ።
ይህ ባለ ጢም ባሏ ነው፤ ቤቱም ድንጋይ፣ ልቡም ድንጋይ።
እነሆ ደብዳቤ ጻፈች። ለማን? ዝም በሉ። እንይ።»

የፈረንጁን ፊደል አንድ እንኳ አያነብም።
እናውቃለን። ዝም አልን።

ስድስተኛው ጥቅል ሲያልቅ፣ ፋኖሷን አንጠልጥላ
ደረጃውን ትወርዳለች፤ እጇን ከበሩ እጀታ
ታሳርፋለች። ከዚያ ነጭ።
ነጭ ብቻ። ያልተጻፈ የብርሃን ገበታ።

መብራቱ ግን አይበራም። ዋሴ ከዚህ ነው የሚጀምር፣
ሰባተኛውን ጥቅል ከአፉ እየፈታ ሊነግር፦
ሰኞ ማታ በሩን ከፍታ ወንዝ ገባች፤
ሐሙስ ማታ ተመለሰች፣ የባሏን እግር አጠበች፤
ዝናብ በበዛበት ሌሊት፣ ሰው ባነሰበት፣ መነኮሰች።
ቅዳሜ ባላገር ስለሚበዛ
ባልየው ይሞታል።

ከኋላ፣ ከምሰሶው ጥግ፣ ትኬት ቆራጯ ዝማም አለች፤
ሥራዋን ጨርሳ፣ ቆማ የምታይ፣
አንገቷን በሻርፕ የምትጠመጥም በሚያዝያም ፀሐይ።
ሻርፑ ለምን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል።
ሰፈር ማወቅ ነው የሚችለው።

አንድ ማታ ዋሴ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ሕዝቡን ሳይሆን ምሰሶውን አየ።
«ደብዳቤውን» አለ «ለማንም አልጻፈችው። ለራሷ ነው።
‹ሂጂ› ነው የሚለው። ሌላ ቃል የለው።»
ዘንጉን አስደግፎ ተቀመጠ።
ሰው አጉረመረመ፤ «ገንዘባችንን!» ያለም ነበረ።
ንጋት ላይ የሁመራ አውቶቡስ ተነሣ፤
የትኬቱ መስኮት እንደተዘጋ ቀረ።

የተረፈው አጭር ነው።
ፀሐይ የጠቆረች ዕለት፣ «በባዶ ዓይን አትዩ!» ተብሎ ሲለፈፍ፣
የአራዳ ልጆች ጣሳዎቹን ከፈትን፤
በመቀስ፣ በምላጭ፣ በጥርስም፣ ስንዝር ስንዝር ቆራረጥን።
ጎንደር አንጋጣ
በያልጋነሽ ፊት ውስጥ የፀሐይን መሸፈን አየች።
ማታ ቁርጥራጩን ከየቦዩ ቀሃ ወሰደው።

ከስንት ዘመን በኋላ አንድ የተማረ እንግዳ ነገረኝ፦
በሀገሩም የለም አለ፤ አንዱ ቅጂ ተቃጥሏል፣
የቀረውን ለብሩ ብለው አቅልጠውታል።
ለብሩ! ፊልም ውስጥ ብር አለ ለካ።
ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይወጣል ሲሉን ኖረው
ከእሷ ሰም የወጣው ብር ብቻ ሆነ።
«መጽሐፉ ግን አለ፣ ላምጣልህ፤ መጨረሻው ተጽፏል።»
ተወው አልኩት።

ዝማም እናቴ ናት።

ከዚያ ሁሉ ስንዝር አንዱ እኔ ዘንድ አለ፣ ከመታወቂያዬ ጋር።
ወደ መስኮት አነሣዋለሁ፦ ጀርባዋን የሰጠች ሴት፣ ፋኖስ፣ በር።
እጇ እጀታው ላይ ነው።
ልትከፍት ይሁን አሁን ዘግታ የገባች
አንድ ቁራጭ አይናገርም።

ዋሴን ልጠይቀው ሄድሁ፣ ቀበሌ ቤቱ፣ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ።
ቁራጩን በጣቱ ዳሰሰው፤ የጫፍ ጫፉን ቀዳዳ
አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ዘንጉን ፈለገ፣ አጣው።
«ገና ነው» አለኝ፤
«መብራት አታብራ።»